ባለቀይ ጉልበቷ ሸረሪት አንድ ናት ወይስ ሁለት?

  

የዛሬውን ጽሑፍ የምንጀምረው ጥፋታችንን በማመን ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት በዚሁ ዓምድ ስለ ነፍሳት ጽፈን ነበር። ዝንብን፣ ንብን፣ ጉንዳንን፣ አንበጣን ቆጠርን። በመጨረሻም ሸረሪትን ከእነሱ ጋር ደመርናት። ጽሑፉ ማታ በፋኖስ ብርሃን በክፍል ውስጥ ተነበበ። ሁሉም ሰማ። ማንም ምንም አላለም።

በማግሥቱ ማታ ግን አንዲት ሸረሪት ከጣራው ሣር በክሯ ተንጠልጥላ ወረደች። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አረፈች። አንድ ወጣት ሊገድላት ዱላ አነሣ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ከለከሉት። «ተው ልጄ፣ ዝንቡን የምትለቅምልን እሷ አይደለችም እንዴ?» አሉት። ከዚያም ተነሥተው ጠጋ አሉ። እግሮቿን በጣታቸው እያመለከቱ ቆጠሩ። ስምንት ላይ ቆሙ። ዞር ብለው አዩን።

«ልጆቼ፣ ነፍሳት ማለት ስድስት እግር ያለው ነው ብላችሁን አልነበረም? ይኸው ወረቀቱ ላይ አለ። እኔው ራሴ አንብቤዋለሁ። ይቺ ግን ስምንት አላት። ታዲያ እንዴት ከነፍሳት ትቆጠራለች?»

እኛ ዝም አልን። መልስ አልነበረንም። እሳቸው ያነበቡትን ከዓይናቸው ጋር አስተያዩ። እኛ ግን የጻፍነውን ሳናስተያይ ነበር ያሳተምነው። ስለዚህ ተመልሰን መጻሕፍት አገላበጥን። ሸረሪት የማን ወገን ናት? ስንት ዓይነት አለች? ስም የሚሰጣትስ ማን ነው? ያገኘነውን ዛሬ እናካፍላችኋለን።

አንድ ነገር አስቀድመን እንንገራችሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሸረሪት የማን ዘመድ ናት?

ሸረሪት ነፍሳት አይደለችም። ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው። ሰውነታቸው በሦስት ይከፈላል፤ ራስ፣ ደረት፣ ሆድ። ብዙዎቹ ክንፍ አላቸው። በራሳቸው ላይ ሁለት ቀንድ መሰል መዳሰሻ አለ።

ሸረሪት ግን ስምንት እግር አላት። ሰውነቷ በሁለት ብቻ ይከፈላል። ራስና ደረቷ አንድ ላይ ነው፤ ሆዷ ለብቻው ነው። ክንፍ የላትም። መዳሰሻ ቀንድም የላትም።

የሸረሪት የቅርብ ዘመዶች እነማን ናቸው? ጊንጥና መዥገር ናቸው። እስቲ ከላማችሁ ላይ አንድ ያደገ መዥገር ነቅላችሁ እግሩን ቁጠሩ። ስምንት ታገኛላችሁ። እንግዲህ በከብታችሁ ላይ የተጣበቀው መዥገርና በጣራችሁ ላይ ድር የምታደራው ሸረሪት ዘመድ ናቸው። ዝንብና ሸረሪት ግን ሩቅ ናቸው።

ዘርን እየለዩ ማወቅ ለእናንተ አዲስ ነገር አይደለም። ጤፍን አንድ ብላችሁ አትተዉም። ነጭ አለ፣ ቀይ አለ፣ ሰርገኛ አለ። ላምንም በመልኳ ትለያላችሁ፤ ቦራ፣ ዳለቻ፣ ጉራቻ ትላላችሁ። ይህን የምታደርጉት ለጨዋታ አይደለም። የትኛው ዘር ለየትኛው መሬት እንደሚስማማ ማወቅ ስላለባችሁ ነው። የሳይንስ ሊቃውንትም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ እነሱ በዓለም ላይ ያለውን ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ለመለየት መነሣታቸው ነው።

አከፋፈሉ እንደ አገር አከፋፈል ነው። አገር ውስጥ ክልል አለ። በክልል ውስጥ ወረዳ አለ። በወረዳ ውስጥ ቀበሌ አለ። በቀበሌ ውስጥ ቤት አለ። የእንስሳትም እንዲሁ ነው። ከትልቁ ወደ ትንሹ እንውረድ።

አንደኛ፣ እንስሳት። በዚህ ውስጥ ሰውም፣ በሬም፣ ዓሣም፣ ሸረሪትም አሉ።

ሁለተኛ፣ እግራቸው በመገጣጠሚያ የተሠራ፣ አጥንት የሌላቸው፣ ቆዳቸው ከውጭ የጠነከረ። ነፍሳትና ሸረሪቶች እስከዚህ ድረስ አብረው ይመጣሉ። ከዚህ በኋላ ይለያያሉ።

ሦስተኛ፣ ባለ ስምንት እግሮች። ሸረሪት፣ ጊንጥ፣ መዥገር እዚህ ናቸው።

አራተኛ፣ ሸረሪቶች ብቻ። በ2022 በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የሸረሪት ዓይነቶች ቁጥር ከ50000 አለፈ። አዎ፣ ሃምሳ ሺህ! አልተሳሳትንም፤ ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ አይተን ነው የጻፍነው።

አምስተኛ፣ ቤተሰብ። ዛሬ የምንነግራችሁ ቤተሰብ የትልልቆቹ ጠጉራም ሸረሪቶች ቤተሰብ ነው። በሌላው ዓለም ታራንቱላ ይሏቸዋል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ከ1000 በላይ ዓይነቶች አሉ።

ስድስተኛ፣ ወገን። በጣም የሚቀራረቡት ዓይነቶች አንድ ወገን ይባላሉ። የዛሬዋ ባለታሪካችን ወገን «ብራኪፔልማ» ይባላል።

ሰባተኛና መጨረሻው፣ ዝርያ። አንድ ዝርያ ማለት እርስ በርሱ ተዳቅሎ ራሱን የሚመስል ልጅ የሚያፈራ ነው።

ታራንቱላ ማን ናት?

ታራንቱላ የሚለው ስም ራሱ በስሕተት የመጣ ነው። በኢጣሊያ አገር ታራንቶ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። በዚያ አካባቢ የምትገኝ አንዲት ሸረሪት በከተማዋ ስም ተጠራች። የዚያ አገር ሰዎች በእሷ የተነከሰ ሰው ካልጨፈረ አይድንም ይሉ ነበር። ያቺ ሸረሪት ግን የዛሬዎቹ ጠጉራሞች ቤተሰብ አይደለችም። ፈረንጆች በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ትልልቆቹን ሸረሪቶች ሲያዩ የሚያውቁትን ስም አወጡላቸው። ስሙም በዚያው ቀረ። አያችሁ፣ ስም አንዴ ከተለጠፈ ማላቀቁ ከባድ ነው።

ጠጉራሞቹን ከሌሎች ሸረሪቶች የሚለያቸው ምንድን ነው? ትልቅነታቸው ብቻ አይደለም። ዋናው ጥርሳቸው ነው። የቤታችን ሸረሪት ጥርሶቿን እንደ ጉጠት ከግራና ከቀኝ ታገጣጥማለች። ታራንቱላ ግን ሁለቱን ጥርሶቿን እንደ ዶማ ከላይ ወደ ታች ትሰነዝራለች።

ሌላው ሳንባቸው ነው። ታራንቱላ ከሆዷ በታች አራት ሳንባዎች አሏት። ሳንባዎቹ ከተደራረበ ስስ ቆዳ የተሠሩ ናቸው። ሊቃውንት ሲያዩአቸው የመጽሐፍ ገጾች መሰሏቸው። ስለዚህ «የመጽሐፍ ሳንባ» አሏቸው። እንግዲህ እኛ መጽሐፍ መግለጥ የጀመርነው በቅርቡ ነው፤ እሷ ግን መጽሐፏን በሆዷ ይዛ ትኖራለች!

ባለቀይ ጉልበቷ የት ትኖራለች?

የብራኪፔልማ ወገን አገሩ ሜክሲኮ ነው። ሜክሲኮ ከዩናይትድ ስቴትስ በስተደቡብ የምትገኝ አገር ናት። ሩቅ ናት ብላችሁ አታስቡ። የምትዘሩት በቆሎ መጀመሪያ የለማው እዚያ ነው። ወጣችሁን የሚያጣፍጠው በርበሬም ከዚያው ነው የመጣው። የዚያ አገር ገበሬ ሥራ ፍሬ በየጓሯችሁ አለ።

ሸረሪቶቹ የሚኖሩት በሜክሲኮ ምዕራብ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል ባለው አገር ነው። እዚያ ክረምትና በጋ የለየለት ነው። በበጋ ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል። ሸረሪቷ ከድንጋይ ሥር፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከመሬት ውስጥ ጉድጓድ ትገባለች። ቀን እዚያ ተሸሽጋ ትውላለች። ሲመሽ ደጃፏ ላይ ትቀመጣለች። የምታልፍ ነፍሳት ካለች ዘላ ትይዛለች። አንዳንዴም ትንሽ እንሽላሊት ወይም የአይጥ ግልገል ትበላለች። እንደ ቤታችን ሸረሪት በአየር ላይ ድር ዘርግታ አታድንም።

መልኳ ያምራል። ሰውነቷ ጥቁር ነው። በየእግሮቿ ጉልበት ላይ ግን እንደ እሳት ፍም የቀላ ቀለም አለ። እግሮቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው።

ሰው ሲያያት ይደነግጣል። ነገር ግን መርዟ ጤነኛ ሰውን አይገድልም። ከመርዟ ይልቅ የሚያስቸግረው የሆዷ ጠጉር ነው። ጠላት ሲመጣባት በኋላ እግሮቿ ሆዷን ትፈገፍጋለች። ደቃቅ ጠጉር እንደ ብናኝ ይነሣል። ቆዳ ላይ ካረፈ እንደ ሳማ ይለበልባል። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ጉዳቱ ከባድ ነው።

እሷም ብትሆን ጠላት አለባት። ክፉ ጠላቷ አንድ ትልቅ ተርብ ነው። ተርቧ ሸረሪቷን ትወጋታለች። ሸረሪቷ አትሞትም፤ ግን ትሽመደመዳለች። ተርቧ ጎትታ ጉድጓድ ውስጥ ትከታታለች። በላይዋ ላይ አንድ እንቁላል ጥላባት ትደፍናለች። ከእንቁላሉ የወጣው ትል ሸረሪቷን በሕይወት እያለች ይበላታል። ተፈጥሮ እንዲህም አላት።

አሁን ደግሞ ልብ የምትሉት ነገር ይምጣ። ሴቷ ባለቀይ ጉልበት ዕድሜዋ ረጅም ነው። 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። ወንዱ ግን ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ብዙ አይቆይም። ጉድጓዱን ጥሎ ሴት ፍለጋ ይንከራተታል። ደጃፏ ደርሶ በእግሩ መሬቱን ይመታል፤ «ቤቶች!» እንደማለት ነው። ከወደደችው ትቀበለዋለች። አንዳንዴ ግን ትበላዋለች።

ሴቷ በአንድ ጊዜ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። በሐር ከረጢት ጠቅልላ ትጠብቃቸዋለች። ከተፈለፈሉት ውስጥ ግን አድገው ለመውለድ የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። ለዚያም ለመድረስ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። እንግዲህ አስቡት። አንዲት እናት ሸረሪት ከጉድጓዷ ተቆፍራ ብትወሰድ ቦታዋን የሚተካ ቶሎ አይገኝም። እንደ ዶሮ አይደለም፤ በዓመቱ አይተካም።

ስም እንዴት ይወጣል?

አንድ እንስሳ በየአገሩ የተለያየ ስም አለው። እኛ ጅብ የምንለውን ሌላው በሌላ ስም ይጠራዋል። ስለዚህ ሊቃውንት ለሁሉም አገር የሚያገለግል አንድ ስም ያወጣሉ። ስሙ ሁለት ቃል አለው። የፊተኛው የወገኑ ስም ነው። የኋለኛው የዝርያው ስም ነው። ልክ እንደ እኛ ስምና የአባት ስም ነው፤ ብቻ እነሱ ዘንድ የአባቱ ይቀድማል።

በሸረሪት ላይ ይህን አሠራር የጀመረው ካርል ክለርክ የተባለ የስዊድን ሰው ነው። በ1757 የአገሩን ሸረሪቶች በመጽሐፍ ጻፈ። የዛሬው የሸረሪት ስም ሁሉ ከዚያ መጽሐፍ ይጀምራል።

«ብራኪፔልማ» የሚለውን የወገን ስም ያወጣው ኤዠን ሲሞን የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ በ1891። ቃሉ የግሪክ ነው። «ብራኪ» ማለት አጭር ነው። «ፔልማ» ማለት የእግር መርገጫ ነው።

ዛሬ በዚህ ወገን ውስጥ የሚቆጠሩት ዝርያዎች 8 ናቸው። ስማቸውንና ስማቸው የወጣበትን ዓመት ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ስሞቹ ለምላስ ይከብዳሉ፤ ለንባብ ልምምድ ግን ጥሩ ናቸው።

ኤሚሊያ፣ 1856። እግሮቿ ቀይ ናቸው። በጀርባዋ ፊት ለፊት ጥቁር ሦስት ማዕዘን አለ።
ስሚቲ፣ 1897። ጉልበቷ ቀይ ነው።
አልቢሴፕስ፣ 1903። የስሟ ትርጉም «ነጭ ራስ» ማለት ነው። የራስና የደረቷ ቆዳ ነጣ ያለ ነው፤ እግሮቿ ጥቁር ናቸው።
አውራቱም፣ 1992። እሷም ጉልበቷ ላይ ቀይ ቀለም አላት።
ባውምጋርቴኒ፣ 1993።
ቦኤሚ፣ 1993። እግሮቿ የእሳት ቀለም አላቸው።
ክላሲ፣ 1994። ጥቁር ሆና ቀላ ያለ ረጅም ጠጉር አላት።
ሃሞሪይ፣ 1997። ጉልበቷ ቀይ ነው።

አሁን ሁለቱን ልብ በሉ፤ ስሚቲንና ሃሞሪይን። ሁለቱም ቀይ ጉልበት አላቸው። የታሪካችን ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው።

መቶ ሃያ ዓመት የቆየ ስሕተት

ኸርበርት ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ በሜክሲኮ እየዞረ እንስሳት ይሰበስብ ነበር። ጌሬሮ በሚባለው ክፍለ አገር አንዲት ባለቀይ ጉልበት ሸረሪት አገኘ። ፒካርድ ካምብሪጅ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1897 ስለ እሷ ጻፈ። በሰብሳቢው ስም «ስሚቲ» ብሎ ሰየማት።

ከዚያ በኋላ ሰዎች በሌሎች የሜክሲኮ ክፍለ አገሮችም ባለቀይ ጉልበት ሸረሪት አገኙ። በኮሊማ፣ በሃሊስኮ፣ በሚቾአካን አገኙ። አዩና «ይቺም ስሚቲ ናት» አሉ። ጉልበቷ ቀይ ነዋ! በመጻሕፍት ላይ ሥዕሏ ወጣ፤ ሥሩ ላይ «ስሚቲ» ተብሎ ተጻፈ። በየአገሩ በመስታወት ሣጥን የሚያሳድጓት ሰዎችም «ስሚቲ» አሏት።

በ1997፣ ልክ በመቶ ዓመቱ፣ ሦስት ሰዎች «ይህ ትክክል አይደለም» ብለው አዲስ ስም አወጡ። «ሃሞሪይ» አሉ። በዚያው ጊዜ «አኒታ» የምትባል ሌላም ዝርያ አለች አሉ። አንዳንዱ አመነ፤ አንዳንዱ አላመነም። ክርክሩ 20 ዓመት ቆየ።

በ2017 ሆርሄ ሜንዶሳና ኦስካር ፍራንኬ የተባሉ ተመራማሪዎች ነገሩን ከሥሩ መረመሩት። ሥራቸው በሜክሲኮ አገር ነበር። ሸረሪቶቹን ከየቦታቸው አነጻጸሩ። የጠጉራቸውን ቀለም አዩ። የወንዱንና የሴቷን የመራቢያ አካል በአጉሊ መነጽር አዩ። በሰውነታቸው ውስጥ ያለውን የዘር ምልክትም መረመሩ። የዘር ምልክት ማለት ልጅ ከእናትና ከአባቱ የሚወርሰው ነው፤ በዓይን አይታይም፤ በመሣሪያ ግን እንደ ጽሕፈት ይነበባል።

ምን አገኙ? ስሚቲና ሃሞሪይ በእርግጥ ሁለት ናቸው። የጌሬሮዋ ስሚቲ ናት። የኮሊማ፣ የሃሊስኮና የሚቾአካኗ ሃሞሪይ ናት። «አኒታ» የተባለችው ግን ሌላ አይደለችም፤ ራሷ ስሚቲ ናት። ስለዚህ ከሦስቱ ስም አንዱ ወደቀ፤ ሁለቱ ጸኑ። ለብዙ ዓመት በየመጽሐፉ ሥዕል ሥር «ስሚቲ» ስትባል የኖረችው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሃሞሪይ ሆና ተገኘች።

ይህን ያህል የሚመሳሰሉ ከሆነ ልዩነቱ ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። እስቲ «ሰ»ን እና «ሸ»ን ጻፉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ከላይ ያለችው ትንሽ ሰረዝ ናት። ያቺን ሰረዝ ብትተዉ «ሸማ» «ሰማ» ይሆናል። የሚለበሰውና በጆሮ የተደረገው አንድ ሊሆን ነው! ትንሽ ምልክት ትልቅ ነገር ትለያለች። መጀመሪያ ስንማር «ሰ» እና «ሸ» ለዓይናችን አንድ አልነበሩም እንዴ? ሊቃውንቱም እንዲሁ ነው የሆኑት።

ስም ቢሳሳት ማን ይጎዳል?

አንድ ገበሬ ሁለት ዓይነት ዘር በአንድ ጎተራ ቢከት ምን ይሆናል? በየዓመቱ ጎተራውን ሲያይ ሙሉ ነው። ደስ ይለዋል። ከሁለቱ አንዱ ዘር እያለቀ እንደሆነ ግን አያውቅም። የሚያውቀው ያ ዘር ፈጽሞ የጠፋ ዕለት ነው። ሁለት ዝርያን አንድ ብሎ መቁጠርም እንዲሁ ነው። «ስሚቲ በብዙ ክፍለ አገር አለች፤ አትጠፋም» ይባላል። እውነተኛዋ ስሚቲ ግን አገሯ ጠባብ ነው። ብትመናመን ማን ያውቅላታል?

አደጋው ደግሞ የሩቅ አይደለም። ባለቀይ ጉልበቷ በመልኳ ምክንያት ተፈላጊ ሆነች። በሀብታም አገሮች ሰዎች እንደ ድመት በቤታቸው ሊያሳድጓት ይገዟታል። ነጋዴዎች ከጉድጓዷ እያስቆፈሩ ላኳት። የምትኖርበት ጫካም ለእርሻና ለቤት መሥሪያ ተመነጠረ።

በዓለም ላይ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን የሚቆጣጠር የመንግሥታት ስምምነት አለ። «ሳይተስ» ይባላል። ኢትዮጵያም አባል ናት። በ1985 ስሚቲ በዚህ ስምምነት መዝገብ ገባች። ከዚያ በኋላ ያለ ፈቃድ ወረቀት ከአገር ወደ አገር መሸጥ ተከለከለ። ነገር ግን መዝገቡ ላይ የተጻፈው የአንዷ ስም ብቻ ነበር። እህቶቿ አልተጻፉም። ተቆጣጣሪው በሣጥን ያለችውን ሸረሪት ከእህቷ እንዴት ይለያል? እንኳን እሱ ሊቃውንቱም አልለዩ! ስለዚህ በ1994 አባል አገሮች ተሰብስበው ወገኑን በሙሉ፣ ብራኪፔልማን ሁሉ፣ በመዝገቡ እንዲገባ ወሰኑ።

እንግዲህ አያችሁ። ስሙ በመዝገብ ላይ ያለ ይጠበቃል። ስሙ የሌለ አይጠበቅም። ይህን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ስሙ በተሳሳተ ደረሰኝ የተጉላላ ሰው በየመንደራችሁ አለ። ሰውየው እዚያው ቆሟል፤ መሬቱም እዚያው አለ። ወረቀቱ ግን ሌላ ስም ይላል።

ወገኑ ለሁለት ተከፈለ

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በዚያን ጊዜ ብራኪፔልማ ተብለው የሚቆጠሩት 8 ብቻ አልነበሩም። ቀይ ጉልበት የሌላቸው፣ ጠቆር ያሉ ሌሎችም ነበሩ። ሜንዶሳና ፍራንኬ ምርመራቸውን ቀጠሉ። ጥቁሮቹ ከባለቀይ ጉልበቶቹ የራቁ መሆናቸውን አዩ። በ2020 ለጥቁሮቹ አዲስ የወገን ስም አወጡላቸው። «ትሊልቶካትል» አሉ።

ይህ ቃል የግሪክ አይደለም። የሜክሲኮ የጥንት ሕዝብ ቋንቋ፣ የናዋትል ቃል ነው። ናዋትል ዛሬም የሚነገር ቋንቋ ነው። «ትሊልቲክ» ማለት ጥቁር ነው። «ቶካትል» ማለት ሸረሪት ነው። ጥቁር ሸረሪት ማለት ነው። ስሙ ወደዚህ ወገን የተዛወረው ዝርያ 7 ነው። ከእነዚህ አንዷ በኒካራጓ፣ በሆንዱራስና በኮስታሪካም ትገኛለች።

ይህ ስም እኛን ደስ አሰኝቶናል። ሸረሪቷን ሊቃውንት ከማወቃቸው በፊት የዚያ አገር ገበሬ ያውቃት ነበር። በገዛ ቋንቋው ይጠራት ነበር። ዛሬ ያ ቃል በዓለም የሳይንስ መዝገብ ላይ ተጽፏል።

ስም ሲለወጥ ሸረሪቶቹ አልተለወጡም። ያው ጉድጓድ፣ ያው ጠጉር ነው። የተለወጠው የእኛ ዕውቀት ነው። ሊቅ ማለት የማይሳሳት ሰው አይደለም። ሲሳሳት ሰርዞ የሚጽፍ ነው።

አሁን እርሳስ አንሡ

እኛም እንሰርዛለን። ከሁለት ሳምንት በፊት የወጣውን ወረቀት ያስቀመጣችሁ ሰዎች አውጡት። ነፍሳት ከተቆጠሩበት ቦታ «ሸረሪት» የሚለውን ቃል ፈልጉ። በእርሳስ አንድ መስመር አስምሩበት። በጎኑ «8 እግር» ብላችሁ ጻፉ። የታተመ ወረቀት ላይ መሰረዝ ያስፈራል፤ እናውቃለን። ግን አትፍሩ። የታተመ ሁሉ እውነት አይደለም። አንባቢ ማለት የተጻፈውን የሚደግም ብቻ አይደለም፤ የሚያስተያይም ነው።

እግር የቆጠሩት እናትም ወረቀታቸውን አውጥተው በገዛ እጃቸው ሰረዙ። እጃቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ግን «8 እግር» ብለው አጥርተው ጻፉ። ያቺ የሰሌዳ ሸረሪትም አልተገደለችም። ዛሬም ጣራው ጥግ ላይ አለች።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ዕውቀትም እንደ ድር ነው። አንዱ እግር ይቆጥራል፤ አንዱ ይጽፋል፤ አንዱ ያርማል። ሲያብር ይጠነክራል።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ መዥገር እንጽፋለን። እስከዚያው እግሩን ቁጠሩልን! ደህና ሰንብቱ።

የከበዱ ቃላት

ወገን — በጣም የሚቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ።
ዝርያ — እርስ በርሱ ተዳቅሎ ራሱን የሚመስል የሚያፈራ ዓይነት።
መዳሰሻ — ነፍሳት በራሳቸው ላይ ያላቸው ቀንድ መሰል አካል።
አጉሊ መነጽር — ትንሹን ነገር አተልቆ የሚያሳይ መስታወት።
መዝገብ — ስም የሚጻፍበትና የሚጠበቅበት ደብተር።

በቡድን ሆናችሁ ተነጋገሩ

1. ሸረሪት ከነፍሳት የምትለየው በምን በምን ነው?
2. ስሚቲና ሃሞሪይ የሚኖሩት በየትኞቹ የሜክሲኮ ክፍለ አገሮች ነው?
3. በ1985 የአንዷ ስም ብቻ መመዝገቡ ለምን አልበቃም?
4. በአካባቢያችሁ ስንት ዓይነት ሸረሪት አለ? በእጅ ሳትነኩ መልካቸውንና የሚኖሩበትን ቦታ እያያችሁ ጻፉ። ስም ካላቸው ስማቸውንም ጻፉልን።